ጋሻ ጎራን ማን ይከፍታል?

ባለፈው ሰሞን መካነ ሰላም ውስጥ ስብሰባ ተጠራሁ። እኔን! ዕድሜዬን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ጎብጬ ያረጀሁትን፣ ከወንበር ለመነሳት ሰው የሚደግፈኝን ሴትዮ። «የአካባቢው የዕድሜ ባለጸጋ» ተብዬ ነው አሉ። ባጃጅ ላኩልኝ፤ አዳራሹ በር ላይ ቦርሳ ሰጡኝ፣ የታሸገ ውሃ ሰጡኝ፣ ስለ ደን ጥበቃ የተጻፈበት ኮፍያም ሰጡኝ። ኮፍያውን በሻሼ ላይ እንድደፋው ነው መሰለኝ የጠበቁት። ቦርሳው ውስጥ ከተትኩትና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

ከፊት ለፊት በተወጠረው ነጭ ሸራ ላይ ፎቶ ይቀያየራል። እርከን፣ ችግኝ፣ አካፋ የያዙ ሴቶች። እንቅልፌ መጥቶ እያንጎላጀጅኩ ሳለ አንዱ ፎቶ ሲመጣ ቀና አልኩ። ጋሻ ጎራ! ያደግኩበት ተራራ። ከግርጌ እስከ አናቱ ረድፍ ረድፉን የፈረንጅ ጥድ ቆሞበታል፤ ከሥሩ ደግሞ «ቀድሞ የተራቆተ፣ በኅብረተሰቡ ተሳትፎ ያገገመ ተራራ» የሚል ጽሑፍ። መነጽሬን አውልቄ፣ በነጠላዬ ጠርጌ፣ ደግሜ አነበብኩት። ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ማንበብ አያቅተኝም። የተራቆተ! ማን አራቆተው? ተራራው ራሱ ነው ልብሱን ያወለቀው? ደሜ ፈላ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። አዎ አመመኝ። ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ አሁንም ያመኛል።

ጋሻ ጎራ ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚያወጣው መንገድ ራቅ ብሎ ይታያል። የተወለድኩት ከግርጌው ነው። አባቴ ይመር የተራራው ዳኛ ነበር። ዳኛ ስላችሁ ካባ የለበሰ ደመወዝ የሚበላ እንዳይመስላችሁ፤ በቁምጣና በጋቢ የሚሄድ፣ ሰው «አንተ ጠብቅልን» ብሎ የመረጠው ገበሬ ነው። ያን ጊዜ ከታች ወይራና የአበሻ ጥድ፣ ከመሐል ኮሶ፣ ከላይ አስታና ጓሳ ሣር ነበር፤ ውስጡ ከገቡ ሰማይ አይታይም። ክልክል ነው። ከብት አይገባበትም፣ መጥረቢያ አይነሳበትም፣ ደረቅ እንጨት እንኳ ያለ ዳኛው ፈቃድ አይለቀምም። ክርስቲያኑ በቄሱ መስቀል፣ እስላሙ በሼህ ሙሄ ዱአ ቃል የገባበት ነው። ሼህ ሙሄ የአባቴ ጎረቤትና የልብ ወዳጅ ነበሩ። ሁለቱ ስለ ተራራው ሲጨቃጨቁ የሰማ ሰው ስለ ልጅ የሚነጋገሩ ይመስለው ነበር።

አንድ ዛፍ ተቆርጦ ከተገኘ አውጫጭኝ ይጠራል። የዛሬ ልጆች አታውቁትም፤ የአገሩ ሰው በሙሉ ወጥቶ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ላም አትታለብም፣ እሳት አይነድም። አንድ ጊዜ አንዱ ለሞፈር የሚሆነውን ወይራ ቆርጦ፣ እኛ ሁላችን ከጧት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተሰጥተናል። ቆራጩ ዐይኑን በጨው አጥቦ «ጎበዝ፣ ያደረገ ሰው ቶሎ ይናገር እንጂ፣ ሰው እኮ ራበው!» እያለ ያጣድፋል። አማቱ አጠገቡ ናት። ብትታገሥ ብትታገሥ አልቻለችም። «አንተ ከይሲ! ሞፈሩን ከልጄ አልጋ ሥር ሸጉጠህ እኔን በፀሐይ ታስጠብሰኛለህ?» ብላ ብድግ አለች። ሳቁን ምን ልንገራችሁ! አባቴ ራሱ ዳኝነቱን ረስቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰውዬው ግን ተቀጣ፤ የተራራውን ዳር ሲያጥር ከረመ። ከዚያ ወዲያ በስሙ የጠራው የለም፣ «ሞፈሩ» እንደተባለ ቀረ።

ዋናውን ነገር ደግሞ ስሙኝ። ይሄ ሁሉ ክልከላ ለመከልከል ተብሎ አልነበረም። ለክፉ ቀን ነው። ዝናብ ሲቀር፣ ሜዳው ሲነጣ፣ ገለባው ሲያልቅ ክልክሉ ይከፈታል። አከፋፈቱም ሥርዓት አለው። ማጭድ እንጂ መጥረቢያ አይገባም። ቅርንጫፍ ይመለመላል እንጂ ግንድ አይነካም። መጀመሪያ የሚገባው የእርሻ በሬ ነው፤ በሬው ያለቀበት ሰው ዝናብ ቢመለስለትስ በምን ያርሳል? ከበሬም ባል የሞተባት ሴት በሬ ይቀድማል፣ የዳኛው በሬ መጨረሻ ይገባል። ዝናቡ ሲመለስ ጸሎትና ዱአ ተደርጎ ይዘጋል። በቃ። ዛሬ ይሄንኑ ትልልቅ ስም አውጥተውለት ሊያጠኑት ባሕር ማዶ ይሄዱበታል።

በጃንሆይ መጨረሻ ረሃቡ ሲመጣ እኔ አግብቼ መካነ ሰላም ከገባሁ ገና ነበር። መንግሥት ስሙን ለመጥራት ያፈረበት ረሃብ። ከከላላ በኩል፣ ከወግዲ በኩል ሰው እየተጎተተ ይመጣል፤ በመንገዱ ዳር የሚቀረውን ዐይናችሁ አይየው። ጋሻ ጎራ ያኔ ተከፈተ። ሰው አልሞተብንም ብዬ አልዋሽም፤ ሞቶብናል። አክስቴን ቀብሬያለሁ። በሬዎቻችን ግን ቅጠልና ጓሳ እየበሉ አጥንታቸው ገጦም ቢሆን ቆመው ከረሙ። ዝናብ ሲጥል የእኛ ሰው አረሰ። ከሌላ አገር በሬ ሊዋስ የሚመጣው ሰው አባቴ ደጅ ላይ ተሰልፎ ይውል ነበር። ተራራው ከተዘጋ በኋላ ዓመት ሳይሞላው ቅጠሉን መልሶ አለበሰ። ይሄን በዐይኔ ያየሁት ነው፣ ማንም አልነገረኝም።

ከዚያ አብዮት መጣ። እልል ያላልኩ እንዳይመስላችሁ! ሆዴ እስኪታመም ነው እልል ያልኩት። ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር፣ እኔንም አስተምሮኝ ጎን ለጎን እንሰፋለን። ቤታችን አውቶብስ ማቆሚያው ማዕዘን ላይ ነው፤ ከደሴ የሚመጣው መኪና አቧራውን ሁሉ የሚያራግፈው በእኛ ጨርቅ ላይ ነው። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ትኩስ ዳቦ በስሙኒ። ወንዱ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ከታች እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ለብሶ አገሩን ይጠርጋል። ሴቱ የቴትሮን ቀሚስ ነው፤ አንዷ አበባ ያለው ካሰፋች በሳምንቱ ጎረቤቷ ሁሉ አበባ አበባ ነው። በኋላ ደግሞ ሁሉም ካኪ ሆነ። የስንቱን ካድሬ ቂጥ በካኪ ሸፍኛለሁ! በድምፅ ማጉያው ማርሽ ይለቀቃል፣ የቀበሌው ኪነት ልጆች ሜዳው ላይ እግራቸውን እያነሱ ይዘላሉ፣ የስፌት መኪናዬም በዘፈኑ ልክ ይሄድ ነበር። ያ ዘፈን ዛሬም ድንገት ከሬዲዮ ቢመጣብኝ እግሬ ፔዳል ይፈልጋል። ወዲያው ደግሞ እንባዬ ይመጣል፣ ከዚያ ሬዲዮውን እዘጋዋለሁ።

መሬቱ ለአራሹ ሲታደል ጎረምሶቹ «ጋሻ ጎራም ይከፋፈል፣ ይታረስ» አሉ። ከአሁን በኋላ ዳኛ የለም፣ አውጫጭኝም የባላባት ልማድ ነው ተብሎ ተከልክሏል። አባቴ ጨነቀው። ሰው ሁሉ መሬት ባገኘበት በዚያ ደስታ መሐል እሱ ብቻ እህል አልበላ አለው። መካነ ሰላም ደግሞ አዲስ የደን ሹም መጥቶ ነበር፤ ጥቁር መነጽር የማያወልቅ፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ፣ ካኪውንም እኔ የሰፋሁለት። አባቴና ሼህ ሙሄ ተማከሩና ሄዱለት። «ተራራችንን መንግሥት ይከልክልልን፤ እኛን የሚሰማ ጠፍቷል» አሉት። ሹሙ ደስታውን አልቻለም። እሱ ደን ፍለጋ ሲዞር ደኑ በእግሩ መጣለት! ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጣቸው፣ አባቴ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ፣ ከሳምንት በኋላ ከተራራው ግርጌ «የመንግሥት ደን፤ መግባት ክልክል ነው» የሚል ቆርቆሮ ተተከለ። የማረስ ወሬም እዚያው ቆመ።

አባቴ ያን ቀን ምሳ እኔ ዘንድ ነው የበላው። ፊቱ በርቶ ነበር። «አሰገደች፣ ተራራው ዳነ። መንግሥት ራሱ ዳኛ ሆነልን!» አለኝ። ሼህ ሙሄም «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ብንሞትም አይቆጨን» አሉ። መቼ ይከፈታል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ለምን ይጠይቁ? ጎተራ የሚያሠራ ሰው አፍ ይኑረው ብሎ ለሠሪው ይነግረዋል እንዴ? እኛ አገር የተዘጋ ነገር መከፈቻ አለው፤ ሁዳዴ ፋሲካ አለው፣ ረመዳን ዒድ አለው። ለክፉ ቀን የተዘጋ ጫካ በክፉ ቀን ላይከፈት ይችላል ብሎ ማሰብ ከየትኛው ጭንቅላት ይመጣል? ከእኛ ጭንቅላት አልመጣም። ስሕተታችን ይሄ ነው፤ ተራራውን ስናስረክብ ሥርዓቱም አብሮ የሄደ መሰለን። እነሱ የወሰዱት ክልከላውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ረሃብ ሲመጣ ዋዜማውን እናውቀው ነበር። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱ ጀምሮ ተወ፣ ገብሱ ሳያሸት ደረቀ። የገበያው ዋጋ በየሳምንቱ እየዘለለ፣ አንድ ቁና ገብስ የሚገዛ ሰው እንደ ሀብታም ይታይ ጀመር። አንድም ሰው ቀሚስ የሚያሰፋ የለም፤ ይልቅ የሰፋሁላቸውን ቀሚስ መልሰው ሊሸጡልኝ ይመጣሉ። የአባቴ በሬዎች ቦራና ዳለቻ ይባላሉ፤ ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፣ አባቴን ከሩቅ ሲያየው የሚጮህ በሬ ነው። ገለባው አልቆ የቤቱን ክዳን እየነቀለ ሲያበላቸው አገኘሁት። ተራራው ግን አረንጓዴ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት ጥበቃ በኋላ ጓሳው እስከ ጉልበት ደርሷል። ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ወደዚያ ያያል። «ይመር፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይሉታል። አባቴ ታዲያ የወግ ሰው ነውና ሼህ ሙሄን ይዞ ወደ ዳኛው፣ ወደ ባለ ጥቁር መነጽሩ መጣ። የቢሮውን ቋንቋ እንድፈታላቸው ብለው እኔንም ጎትተው ወሰዱኝ።

አባቴ በዚያ ዘመን ሰውን ጓድ ማለት ግዴታ መሆኑን ሰምቷል፣ ጌታዬ ማለቱ ደግሞ ከአፉ አልወጣ ብሎታል። ስለዚህ ሁለቱንም ቀላቅሎ «ጓድ ጌታዬ፣ ቀኑ ደርሷልና ክልክሉን እንክፈት ብለን መጣን» አለው።

«ምን ክልክል?» አለ ሹሙ።

«ጋሻ ጎራን ነዋ! በሬዎቹ እኮ እያለቁ ነው።»

«አባባ፣ ጋሻ ጎራ የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው። ስለዚህ ማንም አይነካውም።»

«ሰፊው ሕዝብ እኛ አይደለንም?»

«እናንተማ ግለሰቦች ናችሁ።»

አጃኢብ! ይሄን ሲሰሙ ሼህ ሙሄ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉት። «ያረቢ! ልጄ፣ የሰጠንህ እኛ ነን እኮ። እንድትዘጋልን ነው፣ እንድትከፍትልንም ነው» አሉት። ሹሙ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታው ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ። «መከፈት የሚል ነገር መመሪያው ውስጥ የለም» አለ። አባቴ ወደኔ ዞረና «ምን አለ?» አለኝ። የሰማውን ስላላመነ ነው። «አይከፈትም አለ፣ አባባ» አልኩት። «ዛሬ ነው ወይስ መቼም?» አለኝ። ሹሙን አየሁት። «መቼም» አለ በራሱ አፍ።

ደጋግመው ሄዱ። በዝናብ ጊዜ ያልጠፋው ሹም ያን ሰሞን ስብሰባ ነው፣ ደሴ ነው፣ መስክ ነው። አንድ ቀን ከቢሮው በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት። «ወንድሜ፣ የለበስከውን ሱሪ እኔ ነኝ የሰፋሁልህ፤ እባክህ በሬዎቹን ብቻ አስገባልን» አልኩት። «እህቴ፣ ዛሬ ለበሬ ብፈቅድ ነገ ለመጥረቢያ ይሆናል» አለኝ። እኛ መጥረቢያ የሚያስገባ ሰው አማቱ ሳትቀር የምታጋልጥበት አገር ነን! ግን ለማን ይነገራል? የፈረንጁ መጽሐፍ ገበሬ ደን ያጠፋል ይላል፣ እሱ ደግሞ መጽሐፉን ተምሮ መጥቷል። ጋሻ ጎራ ማን ጠብቆት እዚያ እንደደረሰ አንድ ቀን እንኳ ራሱን የጠየቀ አይመስለኝም።

በመጨረሻ አባቴ ከፈተው። በድብቅ እንዳይመስላችሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ ቄሱ መስቀል ይዘው፣ ሼህ ሙሄ ዱአ አድርገው። እኔም ከከተማ ወጥቼ ነበር። መጀመሪያ የገባው ባሏ የሞተባት የጦይባ በሬ ነው። አንድ በሬ ነው ያላት፤ እግሩ እየተጠላለፈ ገባና ጓሳው ውስጥ አፉን ሲተክል ሴትዮዋ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። የአባቴ ቦራና ዳለቻ መጨረሻ ገቡ። አንድም መጥረቢያ አልነበረም። ሰው ማጭድ ይዞ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ ብሎ ነው የሚያጭደው። ሦስት ቀን እንዲህ ተበላ። በአራተኛው ቀን ጥበቃዎቹ ጠመንጃ ይዘው መጡ፣ በሬዎቹን ነዷቸው፣ አባቴን «የሕዝብ ሀብት አውዳሚ» ብለው አስረው ወሰዱት።

በሬዎቹን ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ በረት ውስጥ አጎሯቸው። «ማስረጃ ናቸው» አሉ። ለማስረጃ ግን ሣርም ውሃም አልታሰበለትም። እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ ጩኸታቸውን እሰማለሁ፤ ቀን ቀን ይጮኻሉ፣ እየቆዩ ድምፃቸው ይቀንሳል። አላስችል አለኝ። የተኛሁበትን ፍራሽ በመቀስ ቀደድኩትና የውስጡን ገለባ በነጠላዬ ተሸክሜ ሄድኩ። ጎረቤቶቼም አይተው ፍራሻቸውን ቀደዱ። እስላሟም ክርስቲያኗም፣ የመምህሩ ሚስትም የጠጅ ቤቷም ባለቤት፣ መሬት ላይ ልንተኛ ተስማምተን ገለባ ተሸክመን በከተማው መሐል ስንሄድ! ዘበኛው «ትእዛዝ የለኝም» ብሎ አላስገባን አለ። በአጥሩ ላይ ወረወርንላቸው። ፍራሽ ሆኖ የኖረ ገለባ፣ የሰው ላብ የጠጣ፣ በሉት። ግን ስንት ፍራሽ ይበቃል? በየተራ ወደቁ። ቦራን በግንባሩ ነጭ ነው የለየሁት፤ ጎኑ ላይ ተኝቶ አንድ ዐይኑ ክፍት ነበር።

ለአባቴ ምግብ ስወስድ ስለ ራሱ አንድም ቃል አይናገርም። «ቦራ እንዴት ነው?» ነው የሚለኝ። «ደህና ነው» እለዋለሁ። ምን ልበለው? ከጥቂት ቀን በኋላ መጠየቁን ተወ። የሆነውን እንዳወቀ ያኔ ገባኝ። ያ ሹም «ማስረጃው» ሲያልቅበት ክሱ አላስፈለገውም መሰል፣ አባቴ አንድ ቀን ያለ ምንም ነገር «ሂድ» ተባለ። እንዲያው ሂድ! ይቅርታ የለ፣ በሬ የለ።

አንጀቴን የሚያቃጥለው ግን የቀረው ነው። የእርዳታ ስንዴ ሲመጣ በነጻ አይሰጥም፣ ለሥራ ነው ተባለ። ሥራው ደግሞ ደን ማልማት። የትኛውን ደን? ጋሻ ጎራን! ወይራው ጠማማ ነው፣ ኮሶው ጥቅም የለውም፣ አስታው ቁጥቋጦ ነው፤ ይመንጠርና ቶሎ የሚያድግ የፈረንጅ ጥድ ይተከልበት። በሬ እንዳይበላው በጠመንጃ የተጠበቀው ጓሳ እዚያው ተቃጠለ። ጭሱ መካነ ሰላም ድረስ ይሸተን ነበር። መጥረቢያውንም ራሳቸው አደሉ። ለማን? ለዚያው ለተራራው ሰው። ልጆቹ ከኋላው ቁጭ ብለው ስንዴውን እየጠበቁ፣ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ዛፍ ጣለው።

ልጠይቃቸው ስወጣ አባቴን እዚያ አገኘሁት። መጥረቢያ ይዟል። ትልቁን ወይራ፣ ሥሩ ቁጭ ብሎ ይዳኝበት የነበረውን፣ እሱና ሌሎች እየተፈራረቁ ይቆርጡታል። ወንድሜ በረሃቡ ሞቶ ልጆቹ አባቴ እጅ ላይ ነበሩ። ቆሜ አየሁት። «አባባ!» አልኩ። ዞር ብሎ አየኝና ላቡን ጠረገ። «ልጆቹ ይብሉ፣ አሰገደች» አለኝ። ከዚያ መልሶ መቁረጥ ጀመረ። ያን ጊዜ፣ እውነት እላችኋለሁ፣ መሣሪያ ቢኖረኝ ሰው እገድል ነበር። ሼህ ሙሄ ሥራው አልሆን ብሏቸው ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፤ ከንፈራቸው ግን አይንቀሳቀስም። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፣ ግን ወደ ተራራው ፊቱን አዙሮ ሲቀመጥ ያየሁት ቀን የለም። የቤቱን በር እንኳ በሌላ ጎን አስወጣው።

ጥዱ አደገ። ይደግ እንጂ፣ ማን ከለከለው? ግን ከሥሩ ሣር የለም፣ ወፍ የለም፣ ቀጋ የለም። ከግርጌው ያሉት ምንጮች ቀነሱ ይላሉ፤ እኔ በእግሬ ሄጄ ማየት ስላቆምኩ በነሱ አፍ ነው የምናገረው። እኔን የገረመኝ አዳራሹ ውስጥ የዚህ ሁሉ ስሙ «ያገገመ ተራራ» መሆኑ ነው። ያ ሹም በሕይወት ይኑር ይሙት አላውቅም። ቢኖር ያን ፎቶ አይቶ የሚኮራበት ይመስለኛል።

ለነገሩ ስብሰባው ላይ ጽሑፉን ያቀረበችው ልጅ ክፉ አይደለችም። ዶክተር ሰብለ ትባላለች፣ የደጎሎ ልጅ ናት፣ ስትናገር አገሯ ያስታውቃል። ስለ ተራራው አዲስ ደንብ ወጥቷል አለች። ጥዱ በተራ እየተቆረጠ ወይራና ኮሶው ይመለሳል፣ የተራራው ሰው ማኅበር አቋቁሞ ራሱ ይጠብቀዋል። እሰይ አልኩ በሆዴ፤ ተመስገን፣ ሳልሞት ሰማሁ። ቀጠለች። ማንም ከብት አያስገባም። ሣር አይታጨድም። ይሄን ያጠፋ ይቀጣል፣ ያን ያጠፋ ይታሰራል። አንቀጹን አንድ በአንድ አነበበች፣ እኔም አንድ በአንድ ሰማሁ። ስትጨርስ ተጨበጨበ። ሰብሳቢው ማይኩን ተቀብሎ «እንግዲህ ወደ ምሳ ከመሄዳችን በፊት፣ የጋሻ ጎራ ልጅ የሆኑት እናታችን እትዬ አሰገደች ደንቡን ይመርቁልን» አለ። ለካ የጠሩኝ ለዚህ ነው። አዳራሹ በሙሉ ብድግ ብሎ መዳፉን ዘረጋ።

ደግፈው አቆሙኝ፣ ማይኩን አፌ ላይ ደገኑት። «ልጄ» አልኳት ዶክተሯን፣ «መቼ ነው የሚከፈተው?»

ሰብሳቢው ሳቅ ብሎ «እትዬ፣ የጥያቄው ሰዓት አልፏል፤ አሁን ምርቃት ላይ ነን» አለ።

«አንተን አልጠየቅኩም። በክፉ ቀን ማን ይከፍተዋል? የትኛው አንቀጽ ላይ ነው ያለው?»

ልጅቱ ወደኔ ቀረበች። ዐይኗ ውሃ ሞልቷል። «ጽፌው ነበር፣ እትዬ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ድርቅ ሲመጣ ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ይከፍታል ብዬ ከሽማግሌዎች የሰማሁትን ነው የጻፍኩት። ሊጸድቅ ወደ ላይ ሄዶ ተሰርዞ መጣ።»

«ለምን?»

«ለብልሹ አሠራር ያጋልጣል አሉ።»

«እንግዲያው አልመርቅም» አልኩ።

ሰብሳቢው ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ «ኧረ እትዬ፣ ነውር ነው፣ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች አሉ» አለኝ፤ በሹክሹክታ መሆኑ ነው፣ ማይኩ ግን ለአዳራሹ ሁሉ አሰማው።

«እንግዶቹ ይስሙኛ! አባቴ ሳይጠይቅ ጣቱን አተመ፣ ማንም ይከለክለኛል ብሎ አላሰበም። እኔ ግን ጠየቅኩ፣ መልሱንም ሰማሁ። በረሃብ ቀን በሬ ውጭ ቆሞ እንዲሞት የሚያደርግ ደንብ ላይ በየት አፌ ነው ይባረክ የምለው? ወይ የተሰረዘውን መልሳችሁ ጻፉት፣ ወይ ሌላ መራቂ ፈልጉ» አልኩና ማይኩን ከአፌ ገፋሁት።

ከፊት ያሉት ቦርሳ ያነገቱት እጃቸውን እንደዘረጉ እርስ በርስ ይተያያሉ። ከጋሻ ጎራ የመጡት ገበሬዎች የኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። ከመሐላቸው አንዱ ሽማግሌ የዘረጋውን መዳፍ ቀስ ብሎ አጠፈና ጋቢው ውስጥ ከተተው። ቀጥሎ አጠገቡ ያለው አጠፈ። ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ከኋላ ያለው ሰው በሙሉ። ዶክተር ሰብለም እጇን አወረደች። ሰብሳቢው ቸኮለ መሰል፣ ራሱ ሁለት ሦስት ቃል መረቀ። ሲጨርስም ብቻውን «አሜን» አለ።